መንገድ መሪውና ቀያሹ
በሰከላና በአመዳሚት ተራሮች ላይ የተደረጉ የእግር ጕዞዎች ታሪክ

የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ስለ አገራችን የካርታ ሥራ ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ መሣሪያዎች ለመጻፍ ነበር። ከገመድና ከሰንሰለት ተነሥቶ፣ በቴዎዶላይት በኩል አልፎ፣ እስከ ሳተላይት የደረሰው የሙያችን መንገድ ለጽሑፍ የሚመች ነውና። ነገር ግን ብዕሬን ባነሣሁ ቍጥር ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ቀድሞ በዓይነ ኅሊናዬ የሚመጣው የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ጀርባ ሆነ። በ1998 ዓ.ም. በጋ ከቋሪት ወደ አመዳሚት ተራራ መንገድ የመሩኝ ሰው ናቸው። ባና ደርበው፣ ዱላቸውን በትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ሁለት እጆቻቸውን በዱላው ላይ ሰቅለው ዳገቱን እንደ ሜዳ ይሄዱት ነበር። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ መንገድ መሪዎች ሆኗል። አዘጋጆቹ ቅር እንደማይላቸው ተስፋ አለኝ።

አገሩ

ፍኖተ ሰላም ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ለተመለከተ ሰው አገሩ እንደ ደረጃ እየተነባበረ ሲወጣ ይታየዋል። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ባለ ለም ሜዳ ላይ ናት፤ በቆሎው፣ ዳጉሳውና በርበሬው የሚያምርበት ወይና ደጋ ነው። ከዚያ በጅጋ በኩል ወደ ቋሪት፣ ከቋሪትም ወደ ሰከላና ወደ ደጋ ዳሞት ሲወጣ ግን ጤፉ ለገብስ፣ ገብሱ ለድንች፣ ድንቹም በመጨረሻ ለአስታና ለጓሳ ሣር ቦታውን ይለቃል። የግሽ ዓባይ ምንጭ ከ2,700 ሜትር በላይ ይገኛል። አመዳሚት ወደ 3,600 ሜትር ይደርሳል። ከእርሱም በስተ ምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው የጮቄ ተራራ አለ። ጮቄ ስሙ የገነነ ስለ ሆነ ተመራማሪና ጎብኚ አላጣም። አመዳሚት ግን ዝምተኛ ተራራ ነው፤ ከእረኛና ከገበያተኛ፣ ከካህንና ከሙሽራ አጃቢ በቀር የሚወጣበት ሰው ብዙ አይደለም።

በዚህ ከፍተኛ አገር ላይ የሚወርደው ዝናብ ዕጣው ሁለት ነው። በሰሜኑ ፊት የወረደው በግልገል ዓባይ በኩል ወደ ጣና ይገባና ከጣና ወጥቶ፣ በጢስ ዓባይ ተወርውሮ፣ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ይዞራል። በደቡቡ ፊት የወረደው ግን በብር ወንዝና በፈጣም አድርጎ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ አልፎ፣ በቀጥታ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ከአንድ ሸንተረር የተለያዩት ሁለት ጠብታዎች ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ዙር በኋላ በገደሉ ውስጥ እንደገና ይገናኛሉ። ይህን በካርታ ላይ ማየት ቀላል ነው። በእግር ሄዶ፣ በሸንተረሩ ላይ ቆሞ፣ ግራና ቀኙን ያየ ሰው ግን ዳግመኛ አይረሳውም።

ከምንጩ የደረሱት

የውጭ አገር ሰዎች ይህን ተራራማ አገር የፈለጉት በዓባይ ምክንያት ነው። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1618 (በ1610 ዓ.ም.) ከአፄ ሱስንዮስና ከሠራዊታቸው ጋር በሰከላ ሳለ ምንጩን አይቶ ጻፈ። ከእርሱ በኋላ ፖርቱጋላዊው ጀሮኒሞ ሎቦ መጣ። በፓኤዝ ጽሑፍ ውስጥ ለእኛ ሙያ ትልቅ ትርጕም ያለው አንድ ነገር አለ። የአገሩ ሰዎች ተራራው በውስጡ ውሃ የሞላ መሆኑን፣ ለዚህም ምስክሩ በምንጩ ዙሪያ ሰው ሲራመድ መሬቱ የሚንቀጠቀጥ መሆኑን እንደ ነገሩት ጽፏል። ንጉሠ ነገሥቱም በዚያ ዓመት ድርቅ ስለ በረታ መሬቱ ብዙ አልተንቀጠቀጠም ማለታቸውን አክሎበታል። እነሆ፣ ከአራት መቶ ዓመት በፊት በሰከላ የሚኖር ሰው የከርሰ ምድርን ውሃ ከዓመት ዓመት በእግሩ ይለካ ነበር ማለት ነው። መለኪያው የገዛ እርምጃው ነበር። ፓኤዝም ይህን ዕውቀት ከባለቤቶቹ ሰምቶ መመዝገቡ ሊመሰገንበት ይገባል፤ የነገሩትን ሰዎች ስም ግን አላቆየልንም።

ከፓኤዝ 152 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1770 (በ1763 ዓ.ም.)፣ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ከዚያው ቦታ ደረሰ። ብሩስ ከእርሱ በፊት ምንጩን ያየ አውሮፓዊ የለም ብሎ ተከራከረ፤ የፓኤዝንና የሎቦንም ምስክርነት ለማፍረስ ብዙ ገጽ ጽፏል። በዚህ ረገድ ታሪክ ፈርዶበታል። ይሁንና በመሣሪያ በኩል የሠራው ሥራ የሚያስደንቅ ነው። የምንጩን ሰሜናዊ ኬክሮስ 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ25 ሴኮንድ ብሎ አስቀመጠ፤ ዛሬ ከምናውቀው ጋር የተቀራረበ ነው። ኬንትሮሱን ግን በጁፒተር ጨረቃ ተመልክቶ 36 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ብሎ ሲጽፍ ሩብ ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ስቷል። በዚያ ዘመንና በዚያ ስፍራ ይህን ያህል መጠጋት ቀላል አልነበረም።

ወደ ምንጩ ያደረሰው ግን መሣሪያው አልነበረም። የዳሞቱ ፋሲል አገልጋይ የነበረውና ብሩስ «ወልዶ» እያለ የሚጠራው መንገድ መሪ ነው። ወልዶ ከግቡ አጠገብ ሲደርሱ ታመምሁ ብሎ ወደ ኋላ ቀረ። ሕመሙም የተሻለው ብሩስ የታጠቀውን የሐር መቀነት ፈትቶ ከሰጠው በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወልዶ ከኮረብታው ላይ ቆሞ በረግረጉ መካከል ያለችውን አረንጓዴ ጉብታ አሳየው፤ በአገሩ ሥርዓት መሠረትም ጫማውን እንዲያወልቅ አስጠነቀቀው። ብሩስ ጫማውን ጥሎ ቁልቁል ሲሮጥ ሁለት ጊዜ ወድቋል። አውሮፓውያን አንባብያን በዚህ ታሪክ ውስጥ ወልዶን እንደ ስግብግብ አገልጋይ አይተውት ይሥቃሉ። እኔ ግን ነገሩን እንደ ውል አየዋለሁ። ብሩስ በዓለም ሁሉ ዝናን የሚያተርፍበትን ቦታ ለማሳየት አንድ መቀነት መጠየቅ ብዙ ነው ወይ?

አመዳሚትም በብሩስ መጽሐፍ ውስጥ «አሚድ አሚድ» ተብሎ ገብቷል። ደራሲው ተራሮቹ ሦስት እጥፍ ሆነው በግማሽ ክብ መልክ ሲዞሩ አይቶ፣ የጥንት ጸሐፊዎች የዓባይ መነሻ ያደረጓቸው የጨረቃ ተራሮች እነዚህ ይሆኑ እንደሆነ ገመተ። ግምቱ ከእውነት የራቀ ነበር። ካየው ውስጥ ግን ከግምቱ የሚበልጥ ዋጋ ያለው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የአገሩ ሰዎች ከጦርነት ብዛት የተነሣ ሠራዊት በማይደርስበት በተራሮቹ አናት ላይ ብቻ ያርሱና ይዘሩ እንደ ነበር መጻፉ ነው። የሠራዊት መንገድ በሜዳው ሲያልፍ የገበሬው መንገድ በአፋፉ ላይ ወጣ። ዛሬም በዚያ አገር አቋራጩ ሁሉ ከአውራው መንገድ እየሸሸ በሸንተረሩ ላይ የሚሄደው በከፊል ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ተራራው በአርበኝነት ዘመን

ይህ የአፋፍ መንገድ በጠላት ወረራ ዘመን አገርን አገለገለ። የጣልያን ጦር ምሽጎች ከዳንግላ እስከ ደብረ ማርቆስ በአውራው መንገድ ላይ ተሰድረው ነበር፤ ከነዚህም አንዱ ቡሬ ነው። ምሽጎቹ ሜዳውን ያዙ፤ ደጋው ግን በአርበኞችና በገበሬዎች እጅ ቀረ። በ1932 ዓ.ም. ክረምት ከሱዳን የገባው የኮሎኔል ሳንድፎርድ ተልዕኮ ሰፈሩን ያደረገው በዚሁ በሰከላ ደጋ ነበር። ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ ሜጀር ዊንጌት በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን መጥቶ በሰከላ አካባቢ በተሰናዳ ሜዳ ላይ አረፈ። በዙሪያው የጠላት ጦር ባለበት አገር አውሮፕላን የሚያሳርፍ ሜዳ መርጦ፣ ደንጊያውን ለቅሞ፣ ምሥጢሩን ጠብቆ መቆየት ያለ አገሬው ሰው የሚሆን አልነበረም።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ገብተው ጕዞው ሲጀመር፣ ስንቅና መሣሪያ ለማጓጓዝ 15,000 ያህል ግመሎች ተሰብስበው ነበር። ግመሎቹ ከቆላው ወደ ደጋው አቀበት ሲወጡ ብርዱንና ደንጊያውን መቋቋም ተስኗቸው እስከ ጥቂቶቹ ድረስ አለቁ። በወረቀት ላይ ቀረብ ብሎ የታየው መንገድ በእግር ሲሄዱት ሌላ ሆነ። የበቅሎና የሰው እግር ባይኖር ኖሮ ያ ዘመቻ በአቀበቱ ሥር በቀረ ነበር። የካቲት 25 ቀን ጠላት ቡሬን ለቅቆ ሸሸ፤ መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ያገኘችው ከዚሁ ጕዞ ጋር በተያያዘ መሆኑን አገሬው ይናገራል።

የገመዱ ዘመን

መንገድ መሪው በፈቃዱ ሲመራ የሆነውን አየን። ፈቃዱ ሳይጠየቅ ሲቀርስ? ይህ ምዕራፍ ሙያችንን በቀጥታ ስለሚነካ ማለፍ አይገባም።

በጎጃም ርስት በገመድ የተለካ መሬት አልነበረም። ባለርስቱ መብቱን የሚያስረዳው ከአቅኚ አባቱ የሚወርደውን ትውልድ ቈጥሮ፣ ወሰኑንም በጅረት፣ በዋርካና በደንጊያ ጠርቶ ነበር። አሜሪካዊው ሊቅ አለን ሆበን በ1950ዎቹ ዓ.ም. በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ለዓለም አስረድቷል። በደቡቡ አገር መሬት በቀላድ ከተለካ በኋላ ገበሬው ምን እንደ ደረሰበት የጎጃም ሰው ሰምቷል። ስለዚህ የመለኪያ ገመድ ሲያይ የሚታየው የርስቱ መጨረሻ ነበር። ከነጻነት ማግሥት ጀምሮ መሬቱን ለመለካትና ግብሩን ለመለወጥ የተደረገው ሙከራ ሁሉ ተቃውሞ ገጠመው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ለጎጃም፣ ለበጌምድርና ለትግሬ ከሌሎቹ ጠቅላይ ግዛቶች የተለየ አከፋፈል የፈቀደውም በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ነገሩ ወደ ዐመፅ ደረሰ። አዋጁን ለማስፈጸም ገማቾች ወደየመሬቱ መውጣት ነበረባቸው፤ ገበሬው ግን የግምቱን ወረቀት ከገመዱ ለይቶ አላየውም። ሞጣ፣ ቢቸናና ደጋ ዳሞት ዋናዎቹ የዐመፁ ስፍራዎች ሆኑ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ አውሮፕላንም ላከ። ብዙ ሰው ከሞተና ብዙ ቤት ከተቃጠለ በኋላ አገረ ገዢው ተለወጡ፤ ውዝፍ ግብር ተሰረዘ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም ሳይሰበሰብ ቀረ።

በዚያው ዘመን አቅራቢያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961፣ አሜሪካውያን የሙያ ሰዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ለዓባይ ሸለቆ ጥናት በተራሮች አናት ላይ የመለኪያ ነጥቦችን ተክለው ነበር። የአገራችን ካርታ ለብዙ ዓመታት የተመሠረተው በግብጽ ደቡብ ጫፍ በዓባይ ዳር ካለችው ከአዲንዳን በተነሣው በዚህ መረብ ላይ ነው። የዓባይን ራስ የለካነው ከዓባይ ወገብ ተነሥተን ነው ማለት ይቻላል። ሥራው እጅግ የሚደነቅ ነው፤ ዛሬም ባለውለታው ነን። ነገር ግን ከተራራው አናት ላይ የሚተከለው ምልክት ለባለ ሙያው ነጥብ ሲሆን፣ ከሥሩ ለሚያርሰው ሰው ምን መስሎ እንደሚታይ በዚያን ጊዜ የጠየቀ ጥቂት ነው።

የ1998 ዓ.ም. ጕዞ

ወደ አመዳሚት የወጣሁት ይህን ሁሉ በመጻሕፍት ካነበብሁ በኋላ ነበር፤ ይሁን እንጂ ያነበብሁት የገባኝ በመንገድ ላይ ነው። ከፍኖተ ሰላም በመኪና እስከ ቋሪት ሄጄ፣ ከዚያ በአንድ የማውቃቸው ሰው አማካይነት ስድሳውን ካለፉ መንገድ መሪ ጋር ተገናኘሁ። ሌሊት በዶሮ ጩኸት ተነሣን። የተቈላ ገብስ በከረጢት ያዙ፤ እኔ የኪስ ሳተላይት መሣሪያዬንና ካርታዬን ያዝሁ።

ከሁለት ሰዓት አቀበት በኋላ ትንፋሼ ሲያጥር፣ «አያ፣ እስከ አናቱ ምን ያህል ይቀረናል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ቅርብ ነው፤ ከዚች ተረተር ኋላ ናት» አሉኝ።

ከተረተሯ ኋላ ሌላ ተረተር ነበረች፤ ከእርሷም ኋላ ሌላ። ሦስት ሰዓት ሄድን። በኋላ እንደ ገባኝ ሰውዬው አላታለሉኝም። እሳቸው የሚቈጥሩት ርቀቱን ሳይሆን የሰውን ልብ ነው፤ «ሩቅ ነው» የተባለ መንገደኛ እንደሚደክም ያውቃሉ።

በመንገድ ላይ ካርታዬን ዘርግቼ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ስሙን ጠይቄ የጻፍሁትን አንድ ጉብታ አሳየኋቸው። ስሙን የነገረኝ አንድ ትንሽ እረኛ ነበር። ሽማግሌው ስሙን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ድረስ ሣቁ። ለካስ ልጁ የነገረኝ የመሬቱን ባለቤት፣ የገዛ አባቱን ስም ኖሯል! «ይህማ ጎረቤታችን ነው፤ ተራራ ያደረግኸው አንተ ነህ» አሉኝ። ከዚያም ጉብታው ከቋሪት በኩል አንድ ስም፣ ከደጋ ዳሞት በኩል ሌላ ስም እንዳለው፣ ሁለቱም ትክክል መሆናቸውን አስረዱኝ። ስሕተቴን አረምሁ። ነገር ግን በየካርታው ላይ እንዲህ ያሉ ስንት አባቶች ተራራ ሆነው እንደ ቀሩ እያሰብሁ ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትሁ።

ከአናቱ ሥር ለማረፍ ስንቀመጥ ሽማግሌው መሣሪያዬን ብዙ ጊዜ ሲመለከቱ ቈይተው፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ የምትለካው ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለአገር ነው፣ አያ» አልሁ።

ጥቂት ዝም ብለው በዱላቸው ወደ ታች አንድ ገደል አሳዩኝ። በ1960 ዓ.ም. ጎልማሳ ሳሉ አውሮፕላን ሲመጣ ከብቶቹንና ሕፃናቱን ይዘው የተደበቁት በዚያ ገደል ውስጥ ነበር። «ያን ጊዜም ለአገር ነው ብለውን ነበር» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም። የሆነውን ነገሩኝ እንጂ።

መልስ አጣሁ። አናቱ ላይ የቈየነው ጥቂት ነው። መሣሪያዬ ገና ንባቡን ሳይጨርስ፣ ሰማዩም ለእኔ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ሽማግሌው ተነሥተው «እንውረድ» አሉ። በስተ ምዕራብ በኩል አንዲት ቀጭን ጉም አይተው ነበር። እኔ ትንሽ ላቈያቸው ሞከርሁ፤ እሳቸው ግን መንገድ ጀምረው ነበርና ተከተልሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጉሙ አናቱን ሸፍኖት፣ ከፊቴ የሚሄዱትን ሰው የማያቸው በባናቸው ጥላ ብቻ ነበር። ገደሉ በስተ ቀኛችን ነበረ። በመሣሪያዬ ላይ ያለንበት ነጥብ በትክክል ተጽፏል፤ የምንረግጠውን ግን አያሳይም። እርምጃዬን በእርምጃቸው ላይ እያደረግሁ ወረድሁ።

ምን እንማራለን?

ከጕዞው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1995 ዓ.ም.፣ በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ ተጀምሮ ነበር። በዚያ ሥራ ወሰኑን ያስለኩት በየቀበሌው በሕዝብ የተመረጡ ገበሬዎች ናቸው፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ወሰኑን በእግሩ እየዞረ፣ እየተከራከረና እየተማመነ አስመዘገበ። መለኪያው በብዙ ቦታ ያው ገመድ ነበር። ያ የሚፈራ ገመድ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ብዙ ገበሬ የተቀበለው ከምን የተነሣ ነው? የመሬት ሥሪቱ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ መለወጡ አንድ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ገመዱን የያዘው እጅ ነው ብዬ አምናለሁ። ምዝገባው ጉድለት አልነበረበትም አልልም። መሬቱን የሚያውቀው ሰው ከፊት ሲሄድ ግን ቀያሹ ያለ ጠብ ከግቡ ደረሰ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ወደነዚያ ተራሮች እንደ ፈቀዱ መውጣት አስቸጋሪ ሆኗል። ብዙ የሥራ ባልደረቦቼም ከሰማይ የተነሣ ሥዕል እየተመለከቱ ከጠረጴዛ ላይ ካርታ መሥራት ይበቃል ይላሉ። ሥዕሉ እውነተኛ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ይሁን እንጂ ሥዕሉ የጉብታውን ሁለት ስሞች አያውቅም፤ ከገደሉ ውስጥ ማን እንደ ተደበቀ፣ ምልክት ሲተከል ገበሬው ለምን እንደሚደነግጥ አይነግርም። የሚነግሩት ሽማግሎች ደግሞ ከዓመት ዓመት እያነሱ ነው። የእኔም መንገድ መሪ ዛሬ በሕይወት የሉም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት አንዲት ትንሽ አሳብ አቀርባለሁ። በመስክ መዝገባችን ላይ የመሣሪያው ዓይነት፣ የቀያሹ ስም፣ ቀኑና የአየሩ ጠባይ የሚጻፍባቸው ቦታዎች አሉ። ከነዚህ ሥር አንድ መስመር ይጨመር፤ በእርሱም ላይ «መንገድ መሪ» ተብሎ የሰውዬው ስም በፈቃዱ ይጻፍ፤ ቦታዎቹን የጠራባቸው ስሞችም እርሱ እንደ ጠራቸው ይመዝገቡ። ከፓኤዝ ዘመን እስከ ዛሬ በእነዚህ ተራሮች ላይ የተለካው ሁሉ የተለካው አንድ ሰው ከፊት ስለ ሄደ ነው። የብሩሱን ወልዶ ስም ዛሬ የምናውቀው ብሩስ ስለ ጻፈው ነው። የሌሎቹ ስም የጠፋው የሚጻፍበት መስመር ባለመኖሩ ነውና፣ መስመሩን እኛ እናስምረው።